ይቆይ ወይስ ይውረድ

«የት ሄደች ልጅቷ? ጠፋችብን እኮ! ሳቂ እስቲ፣ በጥርስሽ እናግኝሽ!» የሚለው ድምፅ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ሲመጣ ዳኛዋ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ተናጋሪዋ የባሏ እህት ናት፤ በሩን ቆልፋ ስልኳ ላይ ደጋግማ የምትሰማውም ያችው የባሏ እህት ናት። ቤተሰቡ «ቀዮ» ይላታል። በመልኳ ምክንያት የወጣላት ስም ነው፤ እስካሁን በዚህ ስም ሲጠሯት ፊቷ ሲጠቁር ያየ የለም። ቪዲዮው ባለፈው እሁድ የዳኛዋ ልጅ ስድስት ዓመት ስትሞላ የተነሣ ነው። ሻማው እንዲያምር መብራቱን አጠፉት፤ ልጅቷ ሻማውን እፍ አለች፤ ሳሎኑ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ፤ ቀዮም ስልኳን እንደ ደቀነች ያችን ቀልዷን ጣል አደረገች። የስልኩን መብራት ቦግ ስታደርገው ልጅቷ በታዘዘችው መሠረት ጥርሷን ገልጣ ቆማለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ ደግሞ በየታክሲውና በየሱቁ ጆሮ የሚያደነቁረው የሰሞኑ ዘፈን ይጮኻል። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ቀዮ ትናንት ማታ ለሕዝብ ለቀቀችው፤ እስከ ጠዋት አርባ ሺህ ሰው አይቶት አደረ።

ቁርስ ላይ ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። አማቷ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው፣ ሰው ከቪዲዮው ሥር የጻፈውን ቀዮ እያነበበችላቸው፣ በየመሀሉ «ተባረኩ» ይላሉ። አንዱ ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ይህችን ልጅ ይቅጠራት ብሏል። ሌላዋ የሚስቅ ፊት ብቻ ደርድራ ልካለች። ዳኛዋ ሻይዋን እያማሰለች ልጇን አየቻት። ልጅቷ ዳቦዋን ሳትነካ፣ ሁሉም ሲስቅ እየሳቀች፣ ሁሉም ዝም ሲል ዝም እያለች ተቀምጣለች። ከእሁድ ወዲህ ጥርሷን ስትቦርሽ ቶሎ አትወጣም፤ ድዷ እስኪደማ ትፈትጋለች፤ አያቷ ግን ይህንን ጉብዝና ብለውታል። ባሏ የቀለም መሸጫ ሱቅ ነው ያለው። የግድግዳ ነጭ ቀለም ብቻ በደርዘን ዓይነት በስም ለይቶ ያውቃል፤ የወተት ነጭ፣ የጭስ ነጭ፣ የዕንቁላል ቅርፊት ነጭ። የልጁ ፊት ላይ ያለውን ግን ያን ጠዋት አልለየውም። አፉን ጠርጎ፣ የልጁን ግንባር ስሞ፣ ቁልፉን እያንቀጨለ ወጣ። ዳኛዋም ምንም ሳትል ወጣች። የምትለው አጥታ ሳይሆን፣ በዚያ ቤት ውስጥ ከማለት አለማለት ስለሚቀላት ነው።

ቤቱ የአማቷ ነው። ሁለት መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ ጠዋት ጠዋት አምስት ሰው የሚሻማበት አንድ መታጠቢያ ቤት። ዳኛዋ በሙሽርነቷ ስትገባ አማቷ ለጎረቤት ያስተዋወቋት «ጠቆር ትላለች እንጂ መልክ አላት፤ ደግሞም ሥራ ያላት ናት» ብለው ነበር። ፈገግ አለች። ከዚያ ወዲህም የሚወረወርላትን ሁሉ በፈገግታ ትቀበላለች፤ ክፉ ሰዎች አይደሉማ። ይህን መካድ ኃጢአት ነው። ስትወልድ አማቷ ከአልጋዋ አጠገብ ሳይነሡ አስታመዋታል፤ እንደ ልጅ አጥበዋታል። እርግጥ ነው፣ ሕፃኗን ታቅፈው መጀመሪያ ያዩት የጆሮዋን ጫፍ ነው። የሰው ልጅ መልክ መጨረሻው ከጆሮው ጫፍ ይታወቃል ይላሉ። ገለጥ አድርገው አዩና «ቆዪ ብቻ፣ ትቀላለች» አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠበቁ። በየጊዜው ቅባት ይገዙላታል፤ ቅባቱ ከዳኛዋ የምሳ ወጪ ይበልጣል፤ ልጅቷን ከፀሐይ ያሸሿታል፤ አሁንም ተስፋ አልቆረጡም። እኚሁ ሴት ባለፈው ወር በቴሌቪዥን፣ ባሕር ማዶ ያሉ ተመልካቾች በአንድ ጥቁር ኳስ ተጫዋች ላይ የዝንጀሮ ድምፅ ሲያሰሙ አይተው፣ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው አልቅሰዋል። እራታቸውን አልበሉም። «ሰው በመልኩ? እነዚህ አረመኔዎች ናቸው እኮ!» እያሉ አንጀታቸው አርሮ ተኙ። ቀዮም ያን ማታ የተጫዋቹን ፎቶ ስልኳ ላይ ለጥፋ፣ ከሥሩ የተሰበረ ልብ አድርጋለታለች።

«ዳኛዋ» የሚለውን ስም ያወጣላትም ይኸው ቤተሰብ ነው፣ በሥራዋ ምክንያት። መሥሪያ ቤቷ በሩ ላይ ስም የለውም። ከጉዞ ወኪሉና ከሒሳብ ማሠልጠኛው በላይ፣ መጋረጃው ቀን ከሌት የተጋረደ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው። በረድፍ የተደረደሩ ጠረጴዛዎች፣ በየጠረጴዛው ኮምፒውተር፣ በየጆሮው ማዳመጫ። የዓለም ሕዝብ ያሻውን በስልኩ ይለጥፋል፤ ሌላው የዓለም ሕዝብ ደግሞ «ይኼ ነውር ነው» ብሎ አቤት ይላል፤ አቤቱታው ዞሮ ዞሮ እዚህ አዳራሽ ይደርሳል። እዚህ ያሉት «ይቆይ» ወይም «ይውረድ» የሚል ቁልፍ ይጫናሉ። ለአንድ ጉዳይ የተፈቀደው ጊዜ ስኳር አሟሙቶ ለመጨረስ አይበቃም። ደመወዙ ለሁለት መኝታ ቤት ኪራይ ስለማይበቃ ነው ዳኛዋ እስካሁን አማቷ ቤት ያለችው።

እያንዳንዱ ረድፍ ቋንቋውን የሚያውቀውን አንድ አገር ይዳኛል፤ ሠራተኞቹም ለየአገሩ ስም አውጥተውለታል። በመስኮቱ በኩል ያሉት «ይቅርታዎች» ናቸው። የእነሱ አገር ሰው ቀኑን ሙሉ ስለ ዘረኝነት ሲነጋገር ይውላል። በየመሥሪያ ቤቱ ስለ ጉዳዩ ሥልጠና አለ፣ ብስኩትም ይቀርባል። አንድ ኩባንያ ምን ስህተት እንደ ሠራ ሳያውቅ በፊት ይቅርታውን ጽፎ ያስቀምጣል። ስለ አንድ ካልሲ ማስታወቂያ ዘረኛ መሆን አለመሆን ሳምንት ሙሉ ሲናጩ ይሰነብቱና፣ ጥቁሩ ሰውዬ ቤት ሊከራይ ሲመጣ ግን «አሁን ገና ተያዘ» ይሉታል፣ በጣም ይቅርታ ጠይቀው። ከእነሱ ቀጥሎ «የለሞች» አሉ። የለሞች ዘንድ ዘር የሚባል ነገር በሕግ የለም፤ ስለሌለም መቁጠር ክልክል ነው። ምሽት ቤት በር ላይ የሚመለሰው ሰው በመልኩ አይመለስም፣ መልክ የለማ። ዘበኛው ይህን የሌለ ነገር እንዴት አድርጎ ከሩቅ እንደሚለየው ግን እስካሁን ያስረዳ የለም። በሦስተኛው ረድፍ «ፍቅሮች» ተቀምጠዋል። የእነሱ አገር ሰው ጥቁሩን «ጥቁርዬ» እያለ በፍቅር ይጠራዋል፤ በፍቅር የቆሻሻ መኪና ላይ ይሰቅለዋል፤ በፍቅር በጓሮ በር ያስገባዋል። ቅር የተሰኘ ጥቁር ካለ ፍቅር አያውቅም ይባላል። ከሁሉም እረፍት ያለው የ«ኳሶች» ረድፍ ነው። እነሱ ዘንድ ዘረኝነት ቅዳሜና እሁድ ብቻ፣ ያውም ስታዲየም ውስጥ ነው ያለው፤ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሰው ወደ ሰውነቱ ይመለሳል።

የመጨረሻው ረድፍ የራሳችን ነው። አንድ ወንበር ብቻ አለው፤ እሱም የዳኛዋ ነው። ለሌላው አገር የሚሰጠው የተከለከለ ቃላት ዝርዝር ክንድ የሚያክል ሲሆን የእኛ ገና አልመጣም። እንዳይመጣ የከለከለው የለም፣ ብቻ ያስፈልጋል ያለ ሰው አልተገኘም። እኛ ዘንድ ዘረኝነት ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ዜና ላይ እናየዋለን፣ እናዝንበታለን፣ ተጠቅመንበት አናውቅም። ዳኛዋም አብዛኛውን ጊዜ የምትፈርደው በሐሰተኛ መድኃኒትና በተሰረቀ ስልክ ሽያጭ ላይ ነው።

ዛሬ ከረፋዱ ላይ፣ አንድ የውሸት የጸጉር ማብቀያ ቅባት አውርዳ ሌላ ጉዳይ ስትጠብቅ፣ የራሷ ሳሎን ስክሪኑ ላይ መጣ። መጀመሪያ ያወቀችው መጋረጃውን ነው። ከዚያ ኬኩን፤ የሁለት ቀን ደመወዟን ያፈሰሰችበትን። ከዚያ ጨለማው፣ ከዚያ «በጥርስሽ እናግኝሽ»፣ ከዚያ የልጇ ጥርስ። ማዳመጫው ውስጥ ዘፈኑ ሁሉንም ውጦታል፤ የሚሰማው የቀዮ ድምፅና አንድ የተደባለቀ የሳቅ ጩኸት ብቻ ነው። ዳኛዋ ግን በዚያ ጩኸት ውስጥ የራሷም ሳቅ እንዳለ ታውቃለች። ስቃለች። ያን ማታ ሁሉም ሲስቅ እሷም ከት ብላ ስቃለች፣ ምናልባትም ከሁሉም በላይ፤ ጠቆር ያለው ሰው ባልሳቀ ጊዜ ቤቱ እንዴት ጭር እንደሚል ታውቀዋለችና። ዘፈኑ ስለሸፈናት በልቧ አመሰገነችው። በስተቀኝ ደግሞ አቤት ያለው ሰው የጻፈው ይታያል። አብዛኛው ሰው እዚያ ቦታ ላይ ምክንያት ይመርጣል እንጂ አይጽፍም። ይህኛው ግን ጽፏል። «ይቺ ልጅ እናት የላትም?» ይላል።

ዳኛዋ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም፤ ሰዓቱ ስክሪኑ ጥግ ላይ እየቆጠረ ነው። ከይቅርታዎች ረድፍ ያለችው ጓደኛዋ ውኃ ልትቀዳ ስታልፍ ቆም አለችና በትከሻዋ ላይ አጎንብሳ አየች። የእሷ አገር ቢሆን ይህ ነገር እስከ ምሳ ሰዓት ሚኒስትር ያስወርድ እንደነበረ ነገረቻት፤ ለእናንተ ግን ምንም አይደለም፣ ዝርዝሩ ገና አልወጣላችሁም አለቻት፣ የልደት ተራ እንደ ቀረባት ልጅ አድርጋ እያዘነችላት። ከዚያም «ግን ልጅቷ አታስቅም? የማን ልጅ ናት?» አለች።

«እንጃ» አለች ዳኛዋ።

ለዚህ ውሸት ጥሩ ምክንያት ነበራት። ዘመዱን የሚመለከት ጉዳይ የደረሰው ሠራተኛ ወዲያውኑ ለሌላ ማስተላለፍ አለበት፤ ሌላ ማለት ደግሞ ቋንቋውን የማያውቅ፣ በአስተርጓሚ ፕሮግራም የሚያይ፣ የትም ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ልጇን የካደችው ለልጇ ስትል ነው። ለራሷ እንዲህ ብላ ነገረችው፤ ራሷም አልተከራከራትም።

ቪዲዮውን እንዳቆመች ተነሥታ ወደ ኃላፊው ሄደች። ኃላፊው የአገሩ ልጅ ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ ውጭ ሰልጥኖ ስለመጣ «አቶ መመሪያ» ይሉታል። ክፉ ሰው አይደለም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጎ የሚያገኝ ካለ ይሸለም። አቶ መመሪያ ቪዲዮውን በጥሞና አየው፤ ሁለቴ አየው፤ በሁለተኛው ላይ ከንፈሩ ፈገግ ሊል ሲል ያዘው። ከዚያ ወንበሩን አዙሮ እንደ ታላቅ ወንድም ያስረዳት ጀመር። ዘረኝነት እንዲባል ሁለት ዘር ያስፈልጋል። እዚህ ቪዲዮ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ዘር ናቸው፤ ስለዚህ እርስ በርስ መቀላለድ ነው፤ እርስ በርስ መቀላለድ ይቆያል። ባለፈው ዓመት ራሱ ጠይቆ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣለት መልስ ይህ ነው።

«ከዚያ ሆነው ሲያዩን ሁላችንም አንድ ነን» አላት።

«እዚህ ሆነን ስንተያይስ?»

አቶ መመሪያ እስክሪብቶውን አነሣ። «እሱ ገና አልተዘጋጀም» አለ።

እሷም ተስፋ አልቆረጠችም። ሕፃን ልጅን ማንጓጠጥ ራሱን የቻለ ክልከላ አለው፣ በዚያስ አይወርድም ወይ አለችው። አቶ መመሪያ መመሪያውን ከአፉ እንጂ ከወረቀት አያነበውም። ለዚያ ልጁ ማልቀስ፣ ወይም ፊቱን መሸፈን፣ ወይም ተዉኝ ማለት አለበት። ቪዲዮውን ልጇ ፊት ላይ አቁሞ በእስክሪብቶው ጫፍ የተገለጠውን ጥርስ መታ መታ አደረገው። «ደስ ብሏታል እኮ። እያት፣ እየሳቀች ነው።» ዳኛዋ አየቻት። ከወለደቻት ጀምሮ የምታውቀው ፊት ነው፤ ያም ሆኖ ያኔ ብትጠየቅ ልጇ ደስ ብሏታል ወይስ አላላትም ለማለት አትደፍርም ነበር። አመሰግናለሁ ብላ ወጣች።

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ሰዓቱ አልፏል፤ ስሟ አጠገብ ቀይ ነጥብ በርቷል። ያኔ ነው ዘፈኑ ትዝ ያላት። ያ አስቀያሚ፣ በየሱቁ የሚጮኸው ዘፈን ባለቤት አለው። ባለቤቱ ጠበቃ አለው። ለዘፈኑ የወጣው ደንብ በሁሉም ረድፍ፣ በሁሉም አገር፣ በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው፤ ሁለት ዘር አይፈልግም፤ ዘፈኑ ማልቀስ ወይም ተዉኝ ማለት አይጠበቅበትም። ያለ ፈቃድ መሰማቱ ብቻ ይበቃል። ዳኛዋ ከምክንያቶቹ ውስጥ «ያልተፈቀደ ሙዚቃ» የሚለውን መርጣ «ይውረድ» ተጫነች። አርባ ሺህ ሰው የሳቀበት ነገር ከዓለም ላይ ድርግም ብሎ ጠፋ። ልጇን ማንም ያልጠበቃት ቦታ ላይ የአንድ ዘፋኝ ኪስ ጠበቃት። ዳኛዋ በዚህ አዘነች፤ ደግሞም ደስ አላት፤ ከሁሉ በላይ ግን አረፈች። ማንንም ሳታስቀይም፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ፣ ከአማቷም ከቀዮም ሳትጣላ ነገሩ አለቀ። እናትስ አላት፣ አለች በልቧ፣ ላልታወቀው ሰው። ከሰዓት በኋላ ስድስት የተሰረቀ ስልክ በደስታ አወረደች።

ማታ ቤት ስትደርስ ሳሎኑ ለቅሶ ቤት መስሏል። አማቷ መቀመጫቸው ላይ አገጫቸውን ደግፈው፣ ምቀኛ ነው፣ የሰው ልጅ ከፍ ሲል የማይወድ ምቀኛ ነው ይላሉ። ለካ እሷ ሥራ ላይ ሳለች ቤቱ ብዙ አልፎበታል። የጥርስ ሳሙና የሚያከፋፍል አንድ ሰው ጠዋት ለቀዮ ጽፎላት ነበር። ልጅቷን ለማስታወቂያ ይፈልጋታል። መብራት ጠፍቶ፣ በሳሙናው ቦርሻ፣ በጥርሷ ክፍሉን ስታበራ፤ ሐሳቡን ገና ሲሰሙት አማቷ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ለአለቃው ሊያሳየው ቪዲዮውን ሲከፍት ግን ባዶ ሆነበት። ቀዮ እንባዋ መጣ። በኋላ ግን የደረሳትን መልእክት ስታነበው፣ የወረደው በሌላ በምንም ሳይሆን በዘፈኑ ምክንያት ነው ይላል።

ቀዮ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የምትበገር አይደለችም። ስልክ ላይ የማታውቀው ነገር የለም። ዘፈኑን ብቻ ነጥሎ የሚያጠፋ ፕሮግራም ፈልጋ አገኘችና ቪዲዮውን አስገብታ አጸዳችው። «እንዲያውም ያ ዘፈን ነበር የሚያበላሸው» አለች ለዳኛዋ፣ ዓይኗ እየበራ። «አሁን ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው። ለሳሙናው ሰውዬ አስቀድሜ ልኬለት ለነገ ቀረጻ ቀጥሮናል፤ ከአሥር ደቂቃ በፊት ደግሞ ለቀቅኩት። ነይ ስሚው።»

ዳኛዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆመች። ቀዮ ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታዋለች። ባሏ ከሱቅ ቀድሞ ገብቶ፣ ቀለም የነካ ጥፍሩን በጋዝ እየጠረገ፣ ስክሪኑን ያያል። ልጅቷ ምንጣፉ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ስለ ነገ ቀረጻ ሲባል ጸጉሯ ታጥቦ፣ ፊቷ በዚያ ውድ ቅባት አብረቅርቆ ተቀምጣለች። ጨለማው መጣ። የቀዮ ድምፅ፣ ያለ ምንም አጃቢ፣ ሳሎኑን ሞላው። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ግን አሁን የተደባለቀ ጩኸት አይደለም፤ እንደ ተበተነ እህል አንድ በአንድ ይለያል።

«ይቺ አያቴ ናት» አለች ልጅቷ፣ አንድ እየሳለ የሚስቅ ድምፅ ሲሰማ። ጨዋታ መሰላት። «ይሄ ደግሞ አባዬ፣ በአፍንጫው።» ሁሉም ሳቁላት። ቀጥሎ አንድ ከፍ ያለ፣ ረጅም፣ ሌላው ሁሉ ካቆመ በኋላ እንኳ ትንሽ የቀጠለ ሳቅ መጣ። ልጅቷ ጣቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰረች፣ ግን ስሙን ለመጥራት ዘገየች። «ይቺ እማዬ ናት» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ዳኛዋ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች ነበር። መሬት ግን የፈለጉት ዕለት አይከፈትም። በቀን መቶ ጉዳይ የምትፈርድ ሴት፣ የአራት አገር ሕዝብ ስለ ዘረኝነት ምን እንደሚል ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት፣ በገዛ ሳሎኗ ይህችን አንዲት ቃል ለማውጣት ቪዲዮው እስኪያልቅ ፈጀባት።

«አውርጂው» አለች በመጨረሻ።

ቀዮ አልገባትም። ዘፈኑ እኮ ወጥቷል፣ አሁን ማንም አይነካውም አለች። ዳኛዋ ስለ ዘፈኑ እንዳልሆነ ነገረቻት። ጠዋት ያወረደችውም ራሷ እንደሆነች፣ በዘፈኑ ያሳበበችው የሚጠራበት ሌላ ስም ስላልተገኘለት እንደሆነ፣ ስሙ ግን ዘረኝነት እንደሆነ ነገረቻቸው።

አማቷ ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ከልባቸው የተጎዱ ነው የሚመስሉት፤ ይህ ደግሞ ከቁጣ ይከብዳል። «እኔ?» አሉ። «እኔ ለገዛ የልጅ ልጄ? በእኔ ቤት?» ለዚያ ለማያውቁት ኳስ ተጫዋች እንኳ እንዴት እንዳለቀሱ ምስክር ጠሩ። ይህ ሁሉ ቅባት ለማን እንደሚገዛ ጠየቁ። ባሏ ጥፍሩን እየጠረገ፣ ግድግዳውን እያየ፣ «ቀልድ ነው እኮ፣ ውጭ ያለውን ነገር አምጥተሽ ቤት ውስጥ አታስገቢብን» አለ። ቀዮ ግን ፊቷ ቲማቲም መስሎ ተነሣች። ከሁሉም የከፋትም፣ ከሁሉም እውነተኛውን የተናገረችውም እሷ ናት።

«አንቺም ስቀሻል» አለች። «ከሁላችንም በላይ የሳቅሽው አንቺ ነሽ። አሁን ሰማንሽ እኮ።»

ዳኛዋ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ምንጣፉ ላይ ከልጇ ጎን ተቀመጠች። ቴሌቪዥኑ ላይ ቪዲዮው ራሱን እየደገመ እንደገና ጀመረ፤ ማንም ሊያጠፋው እጁን አልዘረጋም። ልጅቷ እናቷን ከታች ወደ ላይ አየቻት። ስትጠይቅ የወቀሳ ድምፅ አልነበራትም፤ ማወቅ ነበር የፈለገችው።

«እማዬ፣ ካላሳቀሽ ለምን ሳቅሽ?»

ዳኛዋ አማቷን አየች፣ ባሏን አየች፣ ቀዮን አየች። ሁሉም እሷን ያያሉ።

«ፈርቼ» አለች።

ልጅቷ በቅባቱ የሚያብረቀርቅ ጉንጯን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«እኔም» አለች።